ገልና ገድል

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ ልጀምር ነበር። ግን በዚያ አገር ቀን ሁሉ የቀጠሮ ቀን ስለሆነ አንዱን ቀን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ልበላችሁ፤ በአንድ የቀጠሮ ቀን።

በአገሩ መካከል ረጅም የድንጋይ ቅጥር ነበር። ማን እንደ ሠራው የሚያስታውስ የለም። ከቅጥሩ ውስጥ ያለ ሰው ተቀጣሪ ይባላል። ከቅጥሩ ውጭ ያለ ሰው ምንም አይባልም። ተቀጣሪ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ሲታመም ይታከማል፣ ሲሞት ይለቀስለታል። ምንም የማይባለውም ሰው ይበላል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ እሱ ግን በራሱ ኃላፊነት ነው።

ወደ ቅጥሩ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገድል ማቅረብ። በሌላ አገር ገድል የሚጻፈው ለቅዱሳን ነው፤ ያውም ከሞቱ በኋላ፣ ያውም በሌላ ሰው ብዕር። በዚያ አገር ግን ቅጥር የሚፈልግ ሁሉ የራሱን ገድል በቁሙ ያስጽፋል። የሚጻፈውም አንድ ክንድ ከስንዝር በሆነ የፍየል ሌጦ ላይ ነው። ከዚያ የረዘመ አይታይም፤ ያጠረ ደግሞ "አልኖረም" ተብሎ ይመለሳል። ቆዳ ፋቂዎቹ ሁሉ ገድላቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈው ስለሚውሉ ሌጦውን የሚያለፋው ሰው አልተገኘም። እናም ገድል ሁሉ ይሸታል።

ገድል የሚመረምሩት ሊቀ ቀጠሮ የሚባሉ ሹም ናቸው። ሽታው ስለሚያስቸግራቸው መጀመሪያ አየር ወደ ውስጥ ይስቡና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ሌጦውን ዘርግተው ያነባሉ። ትንፋሻቸው ሲያልቅ ንባባቸውም ያልቃል። ሰማንያ ዓመት የኖረም ሃያ ዓመት የኖረም በእሳቸው ዘንድ የአንድ ትንፋሽ ዕድሜ ነው ያለው። አንብበው ሲያበቁ ከአጠገባቸው ከተከመረው ስብርባሪ ሸክላ አንድ ገል ያነሡና በከሰል ምልክት አድርገው ለባለ ጉዳዩ ይሰጡታል። ያ ገል ቀጠሮ ነው። ቅጥር ፈልጎ ሄዶ ቀጠሮ ሳይዝ የተመለሰ ሰው የለም። ሰዉ ሲቀልድ፣ "ቅጥርና ቀጠሮ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ታላቅየው ግን ቤት አይገኝም" ይል ነበር።

ከቅጥሩ ወዲህ ካሉት መንደሮች በአንዱ አንለይ የሚባል ወጌሻ ይኖር ነበር። እናቱ በአራስነቷ ስትሞት ታላቅ እህቱ እንጉዳይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ለሕፃኑ ስም ይውጣለት ሲባል ዘመድ ሁሉ ዝም አለ፤ ይተርፋል ብሎ ያሰበ አልነበረማ። እንጉዳይ ናት አቅፋ ይዛው "አንለይ" ያለችው። ስም ማውጣቷ ይሁን ልመናዋ ሳይታወቅ ልጁ በዚያው ተጠራ።

እንጉዳይ ሸክላ ሠሪ ሆነች። የእሷን እንስራ ሰው ሁሉ በአፉ ዙሪያ ያውቀዋል፤ ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየጫነች ትናንሽ ጨረቃ የሚመስል ምልክት ትደረድርበታለች። አንለይን ያሳደገው ይኸው እንስራ ነው። ወጌሻነትን ያስተማረችው ደግሞ አክስታቸው ደብሬ ናት። ደብሬ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ዳስሳ የተሰበረውን ከወለቀው የምትለይ ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ከቅጥሩ አዋጅ ወጣ። "ያልተቀጠረ እጅ አጥንት አይንካ። የነካ እጅ አውራ ጣቱን ይጣ። ያለ ማኅተም የተጠገነ አጥንትም ወደ ቀድሞ ስብራቱ ይመለስ።" ደብሬ ሰምታ ሳቀች። "አጥንት ደግሞ አዋጅ ይሰማል እንዴ?" አለችና የአንድ ገበሬ ቅልጥም አቃናች። ገበሬው በሁለተኛው ወር ገበያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ታየ። እዚያው አጋድመው የዳነ እግሩን በዘነዘና መልሰው ሰበሩት። የደብሬም ሁለት አውራ ጣቶች ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች፤ መቁረስ ስለማትችል አንለይ ነበር የሚያጎርሳት። ስትሞት "እጄን ለአንተ ሰጥቻለሁ፤ ጠብቀው" አለችው። ሌላ ያወረሰችው ነገር የለም።

ነገሩ የሚጀምረው እንጉዳይ የሸክላ አፈር ልትቆፍር ወርዳ ጉድጓዱ ከተደረመሰባት ቀን ነው። ቀኝ ክንዷ ከክርኗና ከእጇ አንጓ መካከል ተሰበረ። አንለይ ሮጦ ሲደርስ አጥንቱ ከውስጥ ቆዳውን ገፍቶ አበጥ ብሎ ነበር። ምን መደረግ እንዳለበት ከእሱ ቀድሞ እጁ አወቀ። አንድ ጊዜ መሳብ፣ በአውራ ጣት መጫን፣ አራት የቀርከሃ ስንጥር አጋድሞ በጨርቅ መጠምጠም። ምጣድ ሳይግል የሚያልቅ ሥራ ነው። እጁን ዘረጋ።

"ተው" አለችው እንጉዳይ።

"ማንም አያይም፣ እታለም።"

"ስድንስ? ስድን አያዩም?"

አንለይ እጁን መለሰ። እንጉዳይ ክንዷን በነጠላዋ አንገቷ ላይ ራሷ አንጠለጠለች፤ ጥርሷና ግራ እጇ ብቻ ነበሩ የረዷት። እሱ አጠገቧ ቆሞ አየ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

"ስማኝ፣ ወንድምዓለም" አለችው። "ጣትህ ከሄደ የእኔም ክንድ የአንተም እጅ ባንድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሂድና ተቀጠር። ተቀጣሪ ዘመዱን ማስገባት ይችላል ይባላል። አንተ ትገባለህ፣ እኔን ታስገባኛለህ፣ በማኅተም ትሠራዋለህ። ከዚያ ማን ምን ይለናል?"

አጥንት በአርባ ቀን ይገጥማል። ቀንቶ ካደረ ቀንቶ፣ ተጣሞ ካደረ ተጣሞ። አንለይ ይህን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ጣቷን መጨበጥ የማትችል ሸክላ ሠሪ ምን እንደምትሆን ግን ሁለቱም አልተናገሩም።

ደግነቱ ቅጥሩም ወጌሻ ይፈልግ ነበር። የሹማምንቱ ደረጃ በየዓመቱ እየተጨመረ ሄዶ ከደረጃቸው እየወደቁ የሚሰበሩት በዝተው ነበርና። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። "ትጉህ፣ ልዩ፣ ጫና የሚችል፣ በቅጥሩ ውስጥ ከአሥር ዓመት ላላነሰ ጊዜ ያገለገለ ወጌሻ ይፈለጋል" ይላል።

አንለይ የመጀመሪያ ገድሉን በገዛ እጁ ጻፈ። "እኔ አንለይ ወጌሻ ነኝ። አዋጁ ሳይወጣ በፊት ከአክስቴ ጋር ሆኜ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ስብራት አቃንቻለሁ። ሦስቱ አልተሳኩልኝም፤ የሦስቱንም ሰዎች ስም አልረሳሁም" ብሎ ጀመረ። ክንዷ በተሰበረ በሦስተኛው ቀን ከሊቀ ቀጠሮ ፊት ቀረበ። እሳቸውም አየር ሳቡ፣ ጉንጫቸውን ነፉ፣ ማንበብ ጀመሩ። "አልተሳኩልኝም" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ።

"የማይሳካልህ ሰው ነህ" አሉት ሌጦውን እየጠቀለሉ።

"ጌታዬ፣ ሌላውን ቢያዩልኝ። እህቴ ክንዷ ተሰብሮ ቀን እየቆጠርን ነው።"

"ስትሰበር ቀጠሮ ይዛ ነበር?"

"አልያዘችም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ሥርዓት የሌለው ስብራት ነው" አሉና ገል ሰጡት። ቀጠሮው ለአሥራ አምስተኛው ቀን ነበር።

ከበሩ በስተግራ አለቃ ቢሰውር የሚባሉ ገድል አሳማሪ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ያስገቧቸው ሰዎች ስማቸውን ሲጠሩ በአክብሮት ነው። እሳቸው ራሳቸው ለምን ውጭ እንደቀሩ የጠየቃቸው የለም። አንለይ ገድሉን ሲያሳያቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ያን ገድል ከአንለይ ሌላ አንብቦ የጨረሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ይሄ ገድል አይደለም፤ ኑዛዜ ነው" አሉት። "ማን ኃጢአትህን ንገረን አለህ? ከስምህ እንነሣ። አንለይ! ይሄ ሙጭጭ የሚል ሰው ስም ነው። ማስታወቂያው ምንድን ነው የሚለው? ልዩ ይላል። እንግዲህ አንተ ልዩ ነህ።"

"ስሜን እህቴ ናት ያወጣችልኝ።"

"እኛስ መቼ ጣልነው? ያው ከአንድ ግንድ ነው። ፊቱን ቆረጥነው፣ ኋላውን አቃናነው። ወጌሻ አይደለህም እንዴ?"

አለቃ ቢሰውር አዲስ ሌጦ ዘርግተው ብዕራቸውን በጠበጡት ቀለም ነከሩ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሦስት የሚለውን እናስቀረዋለን። ሁለት መቶ አሥር ስብራት፣ ሁሉም በላቀ ብቃት። 'ከአክስቴ ጋር ሆኜ' አይባልም፤ 'መራሁ' ነው የሚባለው። በዚያ ቤት ከመሩት በቀር የረዳ ሰው ገብቶ አያውቅም። አክስትህስ ማን ናት?"

"ደብሬ። አውራ ጣቷን የቆረጧት።"

"ታዲያ አውራ ጣት የሌላት መምህር ምን ትሆንልሃለች? 'ከታወቁ ሊቃውንት' እንላለን። እነዚህ ሦስት ዓመታት ደግሞ ባዶ ናቸው። ሹሙ ባዶ ዓመት ካዩ ትንፋሻቸውን እዚያው ነው የሚለቁት።"

"ባዶ አልነበረም፣ አለቃ። አክስቴን ሳጎርሳት ነበር።"

አለቃ ቢሰውር ብዕራቸውን አንሥተው ትንሽ አሰቡ። "በምግብ አቅርቦት ዘርፍ በኃላፊነት አገልግሏል" ብለው ጻፉ።

አንለይ ሊስቅ ነበር። የደብሬ አፍ፣ ጉርሻውን ከመቀበሏ በፊት የምትለው "ተባረክ" ትዝ አለውና ሳቁን ተወው።

"በቅጥሩ ውስጥ አሥር ዓመት ያገለገለ ይላል" አለ። "ሳልገባ እንዴት አገለግላለሁ?"

"ጠዋት ጠዋት የቅጥሩ ጥላ መንደራችሁ ድረስ ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

"እንግዲያው 'ሠላሳ ሁለት ዓመት በቅጥሩ ጥላ ሥር።' ለሊቀ ቀጠሮም ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። ሸክላ ይወዳሉ። በመጨረሻ የዘመድ መስመር አለች፤ እሷን ምን ልበል?"

"እህት አለችኝ በሉ። ክንዷ ተሰብሯል፤ የምገባውም ለእሷ ነው በሉ።"

አለቃ ቢሰውር ቀና ብለው አዩት። "ይህቺን ባትጽፋት ይሻልሃል" አሉ። አንለይ ግን በዚህ አልተበገረም። እሳቸውም እንዳለው ጻፉለት።

እቤት እንደ ደረሰ ስለ ስጦታው ለእንጉዳይ ነገራት። ስብራቱ ሳይደርስባት የተኮሰችው አንድ እንስራ ቀርቷት ነበር። ለአፍታ አየችውና በእግሯ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "ውሰደው፤ እኔ ሲሻለኝ ሌላ እሠራለሁ" አለች። ክንዷ አብጦ ወደ ሐምራዊነት ተለውጦ ነበር፤ አንለይ ከክንዷ ይልቅ እንስራውን ማየት መረጠ።

አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ ሊቀ ቀጠሮ እንስራውን በቀኝ እጃቸው ብቻ ተቀበሉ። ግራ ትከሻቸው ከቦታው ወጥቶ እጃቸው ልክ እንደ ተሰቀለ ጅራፍ ተንጠልጥሏል። ከደረጃ ወድቀው እንደሆነ ግልጽ ነው።

"ጌታዬ፣ ትከሻዎ ወልቋል" አለ አንለይ። "ቢፈቅዱልኝ አሁኑኑ ይመለሳል።"

"ገድልህ ላይ ትከሻ የሚል አለ?"

"የለም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው ትከሻ አታውቅም" አሉና አየር ሳቡ። የዚያን ቀን ገድሉ ጣፋጭ ስለነበር ትንፋሻቸው ረዘመ። "ልዩ" የሚለውን አለፉ፣ "በላቀ ብቃት" የሚለውን አለፉ፣ የምግብ አቅርቦቱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉንጫቸው እየቀላ፣ ዓይናቸው እየፈጠጠ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሱ። እዚያ ላይ ፈነዱ።

"የእህቱን ክንድ ያላቀና ወጌሻ!"

"አዋጁ ስለከለከለኝ ነው፣ ጌታዬ።"

"አዋጁማ አዋጅ ነው። እኔ የማየው ገድል ነው። ደግሞ እህት ያለው ሰው እህቱ ስትታመም ይሄዳል፣ ስትድር ይሄዳል፣ ስትሞት ሦስት ቀን ይቀመጣል። የቅጥሩን አጥንት ማን ይጠብቃል?" ብለው የመጣላቸውን እንስራ ከክምሩ ላይ ወረወሩት። እንስራው ከሌሎቹ ሸክላዎች ጋር ተሰባበረ። ሊቀ ቀጠሮ ሸክላ የሚወዱት ለዚህ ነው። ከስብርባሪው አንዱን አንሥተው ለሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ቀጠሩት።

ሠላሳ ዘጠኝ! አንለይ መንገዱን ሁሉ ይህን ቁጥር እየደጋገመ ተመለሰ።

በእነዚያ ሃያ አራት ቀናት የእህቱን ክንድ በዓይኑ ሲከታተል ከረመ። እብጠቱ ሲጎድል አየ፤ ለሌላ ሰው ደግ ምልክት ነው፣ ለእሱ ግን መርዶ ነበር። አጥንቱ ጠማማውን መንገድ ይዞ ቤቱን እየሠራ እንደሆነ ገባው። የእሷ ጣቶች መጠዝጠዝ ትተው እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ውስጥ ታጠፉ። እንጉዳይ ግን ልቧን አላጣችም። "ለጋ አጥንት ሦስት ወር ሳይሞላው መልሶ ቢሰበር ይቀናል፤ ደብሬ ትለው ነበር" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ደብሬ ትለው ነበር። የቀራቸው ተስፋ ያ ብቻ ነው።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን አንለይ ወደ አለቃ ቢሰውር ሄደ። አለቃው ምንም ሳይጠይቁት አዲስ ሌጦ ዘረጉ። የላይኛውን ሁሉ እንዳለ ገለበጡና የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቆሙ።

"ዘመድ የሌለው ሰው ይወደዳል" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ገድል እኮ የሚነበበው እስክትገባ ነው፣ ልጄ። ከገባህ በኋላ ማን ያየዋል? ግባና ያን ጊዜ እህትህን እጇን ይዘህ አስገባት።"

"ማንም አያየውም?"

"እኔ እስከ ዛሬ ከገባ በኋላ ገድሉ ተነበበበት ሲባል አልሰማሁም።"

ውጭ የሚኖሩ ሰው እንዴት ሊሰሙ ይችላሉ? አንለይ ይህን ማሰብ ነበረበት፤ ግን ሠላሳ ስምንት ቀን የጠበቀ ሰው ነው። አለቃ ቢሰውር ጻፉ፤ እሱም አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከግርጌው አተመ።

ማታ እንጉዳይ በግራ እጇ ሽሮ እያማሰለች፣ "ምን አሉህ ታዲያ?" አለችው።

"ገድሉ ረዝሟል፣ አሳጥረው አሉኝ።"

"ከምኑ ላይ?"

"ከመጨረሻው።"

"እሰይ! አጭር ነገር ይነበባል" አለች። ፊደል አታውቅም፤ ሌጦውን ከፊቱ ወስዳ ቆሻሻ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችለት። አንለይ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ሽሮው ደርሶ ነበርና በላበት።

በማግስቱ ሊቀ ቀጠሮ ገድሉን በአንድ ትንፋሽ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የመጨረሻዋን መስመር ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። "እንዲህ ነው ንጹሕ ሰው!" አሉ። በአርባኛው ቀን ልዩ የሚባል ወጌሻ ቅጥሩ ውስጥ ገባ።

ውስጡ ከውጭ እንደሚመስለው አይደለም። ወጌሻው ቢገባም ማኅተሙ ገና በቀጠሮ ላይ ነበር፤ እስኪደርስ ድረስ ስብራቶችን እያየ መዝግቦ እንዲያስቀምጥ ብቻ ተነገረው። የሊቀ ቀጠሮ ትከሻም እንደ ወጣ ደርቆ ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት "ልዩ!" ብለው ሲጠሩት ሌላ ሰው የሚጠሩ እየመሰለው አይዞርም ነበር። ከወር በኋላ በመጀመሪያው ጥሪ መዞር ጀመረ። ማኅተሙ በሰባኛው ቀን መጣ። ያን ዕለት መንገደኛ ፈልጎ ወደ መንደሩ ላከ፤ "ነዪ፣ ደርሷል" ብሎ።

በሰባ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ሊቀ ቀጠሮ ራሳቸው መጡ። "ልዩ፣ እስቲ በሩ ድረስ ና" አሉት። ከበሩ በላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ወደ ታች አየ።

እንጉዳይ ቆማለች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች። ነጠላዋ ታጥቧል። በግራ ብብቷ ሥር አራት የቀርከሃ ስንጥር ይዛለች፤ ምን እንደሚያስፈልገው ስለምታውቅ እሱን ላለማድከም ራሷ ሰንጥቃ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። በግራ እጅ የተሰነጠቁ ስለሆነ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነበር።

"ማንን ፈለግሽ?" አሏት የበሩ አጋፋሪ።

"አንለይን። ወንድሜን።"

"አንለይ የሚባል እዚህ የለም።"

"ወጌሻው ነው፣ ጌታዬ።"

"ወጌሻው ልዩ ነው የሚባለው።"

እንጉዳይ ስሙን በአፏ ሞከረችው። "ልዩ" አለች። "ይሁን። ልዩም ቢሉት ያው እሱ ነው። እህትህ መጣች በሉልኝ።"

በቅጥሩ በር ላይ የተቀጣሪ ሁሉ ገድል ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ይኖራል። አጋፋሪው ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ገድል ነው የሚያነቡት። ለሽታውም አፍንጫቸው ሞቷል። ሌጦው ሲዘረጋ ቀድሞ የሚወጣው ግርጌው ስለሆነ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ያነባሉ። የልዩን ገድል አውርደው ዘረጉ።

"'እህት የለኝም። ወንድም የለኝም። ቢታመም የምጠይቀው፣ ቢሞት የማለቅስለት ሰው የለኝም።' ይላል። ይኸው አውራ ጣቱ።"

"እስቲ ይድገሙልኝ፣ ጌታዬ። እኔ ፊደል አላውቅም።"

ደገሙላት። እንጉዳይ ሌጦውን ብዙ ጊዜ አየችው። በንጹሕ ጨርቅ የጠቀለለችው ያው ሌጦ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን የፍየሉን ነጭ ነቁጥ አወቀቻት።

"የሌላ ሰው ይሆናል" አለች። "እሱን ራሱን ጠይቁት።"

ሊቀ ቀጠሮ ከመስኮቱ አጠገብ ወደ ወጌሻቸው ዞሩ። አልተቆጡም። የሚናገሩት ስለ ዝናብ ይመስል ነበር።

"ሕጉን ታውቃለህ" አሉት። "እህትህ ከሆነች ገድልህ ሐሰት ነው፤ ሁለቱን አውራ ጣቶችህን ትሰጣለህ። ከዚያ በኋላ ግን እሷን ማስገባት ትችላለህ፤ ሕጉ አይከለክልም። እህትህ ካልሆነች ደግሞ ትሂድ። የትኛው ነው?"

አንለይ አውራ ጣቶቹን አየ። አመዛዘነው። እህቴ ናት ቢል ትገባለች፤ የሚያቃናት እጅ ግን አይኖርም። አይደለችም ቢል እጁ ይኖራል፤ እሷ ግን አትገባም። አገላብጦ አሰበው፤ በየትኛውም መንገድ ክንዷ አይቀናም። ልቡ ይህን ይዞ ተጽናና፤ የምለው ነገር ክንዷን አይለውጠውም አለ። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የጠየቁት ስለ ክንዷ አልነበረም።

"ቀጠሮ ስጧት" አለ።

ድምፁ በመስኮቱ ወጥቶ እንጉዳይ ዘንድ ደረሰ። ቀና አለች። ያን ድምፅ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም፤ "እታ" ማለት ያስተማረችው እሷ ናት። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ፊቱን ማየት አልቻለችም። ስሙን አልጠራችም።

ሊቀ ቀጠሮ በደኅናው እጃቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አሁን ገና ተቀጠርክ" አሉት።

አጋፋሪው እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደው አንድ ገል አወጡና ዘረጉላት። እንጉዳይ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ጣቶቿ አልተከፈቱም። በግራዋ ስትቀበል ስንጥሮቹ ከብብቷ አምልጠው መሬት ላይ ተበተኑ። ገሉን ገለበጠችው። በጠርዙ ላይ ትናንሽ ጨረቃ የሚመስል የጥፍር ምልክት ተደርድሯል።

"ይህቺ የእኔ ሥራ ናት" አለች።

"እሱን ገድልሽ ላይ አስጽፊው" አሏት አጋፋሪው፤ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ምክር ነበር።

እንጉዳይ ስንጥሮቹን አላነሣችም። ገሉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ በግራ እጇና በጥርሷ ቋጠረችው፤ በመጀመሪያው ቀን ክንዷን እንዳንጠለጠለችው። ከዚያ ወደ መጣችበት ሄደች። አንለይ ከመስኮቱ ሳይነቃነቅ በመንገዱ ላይ እስክትጠፋ አየ። ማኅተሙ በእጁ ነበር፤ በሁለት ጤነኛ አውራ ጣቶች መካከል ይዞታል። ስንጥሮቹን አጋፋሪው ለማገዶ ሰበሰቧቸው።

ገሉ ላይ ቀን አልተጻፈበትም። እንጉዳይ ግን ፊደል ስለማታውቅ ተጽፎ ይሆናል ብላ ታስባለች። ጎረቤት "መቼ ነው የቀጠሩሽ?" ሲላት ታወጣና ታሳያለች። ፊደል የሚያውቁት አይተው ይመልሱላታል፤ ቀኑ እንደሌለበት እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

እኔም እዚህ ላይ ላቁም። ሌላው ተረት ሲያልቅ "መልሱልኝ" ይባላል። እኔ ይህን መልሱልኝ አልላችሁም፤ ቀጠሮ ትሰጡኛላችሁና።